የምሽቱ 4 ሰዓት ስሌት፦ «ዘ ጄይ ሌኖ ሾው» ለምን ወደቀ?

በ2009 መጸው ኤንቢሲ የተባለው የአሜሪካ የቴሌቪዥን ኔትወርክ ከሰኞ እስከ ዓርብ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ያሳያቸው የነበሩትን ተከታታይ ድራማዎች አንሥቶ ሰዓቱን በሙሉ ለአንድ ቶክ ሾው ሰጠ። አቅራቢው የኔትወርኩን የሌሊት ቶክ ሾው «ዘ ቱናይት ሾው»ን ለ17 ዓመታት የመራው ጄይ ሌኖ ነበር። ፕሮግራሙ አምስት ወር እንኳ ሳይሞላው ቆመ። ጉዳዩ እስካሁን የሚወራው በአብዛኛው በሌኖና በተተኪው በኮናን ኦብራየን መካከል እንደተነሣ የወንበር ሽሚያ ተደርጎ ነው፤ ሽሚያው ግን ውጤት እንጂ መነሻ አይደለም። ይህ ጥናት የሚመረምረው ከዚያ የሚቀድመውን ጥያቄ ነው፤ ኔትወርኩ ራሱ ያስቀመጠለትን ዝቅተኛ የተመልካች ግብ በአመዛኙ ያሟላ ፕሮግራም እንደ ውድቀት ተቆጥሮ የተዘጋው ለምንድን ነው? (ዓመታቱና ወራቱ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፣ ሰዓቶቹ ደግሞ በእኛ አቆጣጠር ሆነው የኒው ዮርክን የሥርጭት ሰዓት የተከተሉ ናቸው።)

የችግሩ ሥር ያለው በ2004 ነው። በዚያ ዓመት ሜይ ወር ኤንቢሲ ለዓመታት የተማመነባቸው «ፍሬንድስ» እና «ፍሬዘር» የተባሉት ኮሜዲዎች አበቁ፤ እነርሱን የሚተካ ባለመገኘቱም ለረጅም ጊዜ ገበያውን ይመራ የነበረው ኔትወርክ ከአራቱ ትልልቆች (ኤንቢሲ፣ ሲቢኤስ፣ ኤቢሲና ፎክስ) የመጨረሻውን ቦታ ያዘ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ደግሞ «ዘ ቱናይት ሾው» 50ኛ ዓመቱን ሲያከብር ኔትወርኩ ያልተለመደ የርክክብ ዕቅድ ይፋ አደረገ። ሌኖ ከአምስት ዓመት በኋላ በ2009 ወንበሩን ለኦብራየን ያስረክባል ተባለ። ምክንያቱ ፍርሃት ነበር። ከሌኖ በፊት የነበረው አቅራቢ ጆኒ ካርሰን በ1992 ጡረታ ሲወጣ ወንበሩ ለሌኖ በመሰጠቱ የተከፋው ሌላው የኤንቢሲ አቅራቢ ዴቪድ ሌተርማን በ1993 ወደ ሲቢኤስ ሄዶ ተፎካካሪ ፕሮግራም ከፍቶ ነበር፤ ኤንቢሲ ያ ታሪክ በኦብራየን እንዲደገም አልፈለገም። የአምስት ዓመቱ ቀጠሮ በዚያን ጊዜ ብልሃት ይመስል ነበር። ቀኑ ሲደርስ ግን ሌኖ አልደከመም፣ አልታመመም፣ በሰዓቱም አንደኛ ነበር። አንደኛ የሆነ ሰው ከወንበሩ ተነሥቶ ወደ ሌላ ኔትወርክ ቢሄድ ኤንቢሲ ሸሽቶት የነበረውን አደጋ በሌላ በር ያስገባ ነበር።

የኔትወርኩ እናት ኩባንያ የኤንቢሲ ዩኒቨርሳል ዋና ሥራ አስፈጻሚ ጄፍ ዙከር ለዚህ ያገኘው መፍትሔ በዲሴምበር 2008 ይፋ ሆነ። ሌኖ እዚያው ይቆያል፤ ፕሮግራሙ ግን ከምሽቱ 5፡35 ወደ 4 ሰዓት ይመጣል፣ በሳምንትም አምስት ቀን ይቀርባል። ስለዚህ ሐሳቡ የተወለደው ተመልካች በ4 ሰዓት ቶክ ሾው ፈልጎ አይደለም። አንድን ሰው ማስቀመጫ ቦታ ከተገኘ በኋላ ቦታው ትክክል መሆኑን የሚያስረዳ ሒሳብ ተፈለገለት። አንድ ፕሮግራም በዚህ ቅደም ተከተል ሲወለድ ድክመቱን የሚያነሣ ሰው በስብሰባው ጠረጴዛ ዙሪያ አይገኝም ብዬ አምናለሁ፤ የሚቀጥለው ታሪክም ይህን ያጠናክራል።

ሒሳቡ ራሱ ግን ሞኝነት አልነበረም። በወቅቱ የአንድ ሰዓት ድራማ አንድ ክፍል ለመሥራት ወደ 3 ሚሊዮን ዶላር ይወጣ ነበር፤ አምስቱን ቀን በድራማ መሙላት በሳምንት 15 ሚሊዮን ገደማ ይጠይቃል። የሌኖ ፕሮግራም የሳምንት ወጪ ግን ወደ 2 ሚሊዮን ዶላር እንደሆነ ይነገር ነበር። ድራማ በዓመት 22 ያህል ክፍሎች ብቻ ስለሚኖሩት የተቀረውን ጊዜ በድጋሚ ይሞላል፤ ሌኖ ደግሞ በዓመት 46 ሳምንት አዲስ ፕሮግራም እንዲያቀርብ ታስቦ ነበር። በመጸው ቢሸነፍ እንኳ ተፎካካሪዎቹ ድጋሚ በሚያሳዩበት የአሜሪካ በጋ (ከጁን እስከ ኦገስት) ይበልጣቸዋል የሚል ተስፋ ነበር። በዲቪአር (በቤት ውስጥ የቴሌቪዥን መቅጃ መሣሪያ) ቀድቶ በኋላ ማየትና ማስታወቂያን መዝለል በተለመደበት ዘመን የዕለቱን ወሬ የሚቀልድ ፕሮግራም በዕለቱ የመታየት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው ተብሎም ታሰበ። ኃላፊዎቹ ፕሮግራሙ ማስታወቂያ አስነጋሪዎች ዋጋ ከሚሰጡት ከ18 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ካለው ሕዝብ 1.5 በመቶውን ቢያገኝ ኔትወርኩ እንደሚያተርፍ ተናገሩ። ታይም መጽሔት ሳይቀር ሥርጭቱ ሊጀመር ሲል ሌኖን በሽፋኑ አውጥቶ የቴሌቪዥን የወደፊት ዕጣ እርሱ እንደሆነ ጻፈ።

ሒሳቡ የዘለለው አንድ ወገን ነበር። ለኢትዮጵያ አንባቢ ይህን ማብራራት ያስፈልጋል፤ እኛ ዘንድ ጣቢያው ያዘጋጀውን ራሱ ከአንድ ማዕከል በሳተላይት ለመላው አገር ያደርሳል፤ በአሜሪካ ግን ኔትወርኩ ራሱ ባለቤት የሆነባቸው ጣቢያዎች ጥቂት ናቸው። በየከተማው ያለውን ተመልካች የሚያገኘው በሌሎች ባለሀብቶች በተያዙ ከ200 በላይ አጋር ጣቢያዎች በኩል ነው። ከምሽቱ 2 እስከ 5 ሰዓት ያለው ጊዜ የኔትወርኩ ነው፤ 5 ሰዓት ሲሆን የአካባቢው ጣቢያ የራሱን የከተማ ዜና ያቀርባል፤ ከዚያ በኋላ 5፡35 ላይ ሰዓቱ ወደ ኔትወርኩ ይመለሳል። የ5 ሰዓቱ ዜና ለአጋር ጣቢያው ዋና እንጀራው ነው፤ ምክንያቱም የዜናውን ማስታወቂያ የሚሸጠውም ገቢውን የሚይዘውም እርሱ ነው። የዜናው ተመልካች ደግሞ በአብዛኛው ከ4 ሰዓቱ ፕሮግራም የተረፈ፣ ጣቢያ ሳይቀይር የቆየ ሰው ነው። እንግዲህ የ4 ሰዓቱ ፕሮግራም ሁለት ሥራ ነበረው፤ አንደኛው ለኔትወርኩ ማስታወቂያ መሸጥ፣ ሁለተኛው ለዜናው ሰው ማቆየት። የ1.5ቱ ግብ የተሰላው የመጀመሪያውን ብቻ ይዞ ነው።

ይህን ቀድሞ ያየ ሰው አልጠፋም። የቦስተኑ አጋር ጣቢያ ደብልዩኤችዲኤች ባለቤት ኢድ አንሲን በኤፕሪል 2009 የሌኖን ፕሮግራም በ4 ሰዓት እንደማያሳዩና በቦታው የአካባቢ ዜና እንደሚያቀርቡ አስታወቁ። ምክንያታቸው ግልጽ ነበር፤ ፕሮግራሙ ለ5 ሰዓቱ ዜናቸው በቂ ሰው አያደርስም። ኤንቢሲ አጋርነቱን ነጥቆ ለሌላ ጣቢያ እንደሚሰጥ ዛተ፤ አንሲንም ብዙ ሳይቆዩ ተመለሱ። ኔትወርኩ ክርክሩን በሥልጣን አሸነፈ፣ በቁጥር ግን መልስ አልሰጠበትም። አንድ አጋር ከገንዘቡ ተነሥቶ የሚያቀርበውን ተቃውሞ የአንድ ግትር ባለሀብት ጠባይ አድርጎ ማለፍ በዚህ ጉዳይ ውስጥ ከተፈጸሙት ስሕተቶች ሁሉ ርካሹ መስሎ ውዱ የሆነው ይመስለኛል።

ሥርጭቱ በሴፕቴምበር 14 ቀን 2009 ተጀመረ። የመጀመሪያው እንግዳ ጄሪ ሳይንፌልድ ነበር፤ ተመልካቹን የያዘው ግን ካንዬ ዌስት ነው። ዘፋኙ ከአንድ ቀን በፊት በኤምቲቪ የሽልማት ሥነ ሥርዓት ላይ የቴይለር ስዊፍትን ንግግር አቋርጦ አገሩን ሁሉ አነጋግሮ ነበር፤ ሌኖ በሞት የተለዩት እናቱ ያደረገውን ቢያዩ ምን ይሉት እንደነበር ሲጠይቀው አንገቱን ደፍቶ ረዘም ላለ ጊዜ ዝም አለ። በዚያ ምሽት ከ17 ሚሊዮን በላይ ሰው ተመለከተ። ነገር ግን ሌሎቹ ኔትወርኮች አዲሶቹን ድራማዎቻቸውን ገና አልጀመሩም ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት ሲጀምሩ የሌኖ ተመልካች ወደ 6 ሚሊዮን አካባቢ ወረደ፤ መጸው እየገፋ ሲሄድም በ5 እና በ6 ሚሊዮን መካከል ተቀመጠ። ሲቢኤስ በዚያው ሰዓት ሰኞ የሚያሳየው «ሲኤስአይ ማያሚ» እና ሐሙስ የሚያሳየው «ዘ ሜንታሊስት» ከዚህ እጥፍና ከዚያም በላይ ያገኙ ነበር።

ተመልካቹ ለምን አልቆየም? ብዙ ተቺዎች ፕሮግራሙ አሰልቺ ነው ብለው ደመደሙ። ይህ መልስ አይበቃም፤ ሰውየውም ቀልዱም ከምሽቱ 5፡35 ላይ አንደኛ የነበሩት ራሳቸው ናቸው። የተለወጠው ሰዓቱ ነው፤ ሰዓቱ ሲለወጥ ደግሞ ሰው ከቴሌቪዥን የሚፈልገውም ይለወጣል። ከ5፡35 በኋላ ሰው አልጋው ላይ ሆኖ፣ እንቅልፍ እስኪወስደው ድረስ፣ ዐይኑን ግማሽ ከድኖ የሚያዳምጠው ነገር ይፈልጋል። የመክፈቻውን ቀልድ ሰምቶ የመጀመሪያው እንግዳ ሳይገባ ቢተኛ ያጣው ነገር የለም። በ4 ሰዓት ግን ያው ሰው ገና ሶፋው ላይ ነው፤ ታሪክ ይፈልጋል፣ ገዳዩ ማን እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋል። ለድራማ ቀጠሮ ይያዛል፤ በየቀኑ ለሚመጣ ፕሮግራም ግን ነገም አለ ይባላል። ኔትወርኩ እንደ ጥንካሬ የቆጠረው የ46 ሳምንት ብዛት በተመልካቹ ዘንድ ዛሬን ለማየት ምክንያት የሚያሳጣ ነገር ሆነ። ኤንቢሲ ራሱ ከ1962 እስከ 1965 ጃክ ፓርን በዚሁ ሰዓት አቅርቦ ነበር፤ የፓር ፕሮግራም ግን በሳምንት አንድ ቀን፣ ዓርብ ብቻ የሚታይ ነበር።

የዲቪአሩ ግምትም ተገለበጠ። የዕለቱ ቀልድ በዕለቱ ይታያል የሚለው እውነት ነው፤ ነገር ግን ሰው በ3 ሰዓት የቀዳውን ድራማ የሚያይበት ጊዜ በትክክል 4 ሰዓት ነው። ሌኖ የተወዳደረው ከሲቢኤስና ከኤቢሲ ጋር ብቻ ሳይሆን ተመልካቹ በቤቱ ካከማቸው ሁሉ ጋር ነበር፤ ከዚያ ክምችት ውስጥ ደግሞ ኤንቢሲ ራሱ ከአንድ ሰዓት በፊት ያሳያቸው ፕሮግራሞች ይገኙበት ነበር።

የፕሮግራሙ አሠራር ላይ የታየው ወዲያና ወዲህ መጎተትም በቅርበት መታየት አለበት። አዲሱ ፕሮግራም ከ«ዘ ቱናይት ሾው» እንዲለይ ሲባል የታወቀው ጠረጴዛ ተነሥቶ ሌኖና እንግዳው በወንበር ፊት ለፊት ተቀመጡ፣ የእንግዶችና የሙዚቃ ቁጥር ተቀነሰ፣ ታዋቂ ሰዎች በኤሌክትሪክ መኪና ለሰዓት የሚሽቀዳደሙበት ክፍል ተጨመረ። አጋር ጣቢያዎችን ለማስደሰት ደግሞ ሰው የሚወዳቸው የቀልድ ክፍሎች ወደ መጨረሻ ተገፉ። ለምሳሌ ሌኖ ሰኞ ሰኞ «ሄድላይንስ» በሚለው ክፍል በጋዜጣ ላይ የወጡ አስቂኝ ስሕተቶችንና ማስታወቂያዎችን በካርቶን ለጥፎ አንድ በአንድ ለካሜራ እያነሣ ያነብ ነበር። ይህ ክፍል ከ4፡45 በኋላ እንዲመጣና ፕሮግራሙ ያለ ማስታወቂያ ዕረፍት በቀጥታ ወደ አካባቢው ዜና እንዲሻገር ተደረገ። በወረቀት ላይ ሲታይ የተዋጣ ነው። በተግባር ግን ያንን ክፍል የሚወድ ሰው በመካከል ያለውን ግማሽ ሰዓት እንዲታገሥ ተጠየቀ፤ በሌላው ጣቢያ ደግሞ በዚያው ጊዜ ወንጀለኛው ሊያዝ ምንም አልቀረውም። የሌኖ ወዳጆች የሚያውቁትን ሌኖ በሙሉ አላገኙም፤ አዲስ ተመልካች የሚስብ አዲስ ነገርም አልነበረም።

ስለ እንግዶች በአጭሩ ላንሣ። በ5፡35 ሰዓት የሌሎች ኔትወርኮች ተዋናዮች ወደ ኤንቢሲ መጥተው ሥራቸውን ማስተዋወቃቸው የተለመደ ነው። በ4 ሰዓት ግን ሌኖ የነዚያው ድራማዎች ቀጥተኛ ተፎካካሪ ሆነ፤ ማንም ኔትወርክ ኮከቡን ለተፎካካሪው በደስታ አያውስም። ሌኖ በቀረው ገበያ ላይ ደግሞ ከራሱ ቤት ባልደረባ ከኦብራየን ጋር ስለ ተመሳሳይ እንግዶች ይፎካከር ነበር።

ጉዳቱ በሌኖ ሰዓት ብቻ አልቆመም። ድራማዎቹ ከ4 ሰዓት ሲነሡ መግቢያ ያገኙት ወደ 3 ሰዓት ተገፉ፤ ያላገኙት ወደቁ። ለዓመታት በ4 ሰዓት የቆየው «ሎው ኤንድ ኦርደር ኤስቪዩ» ወደ ረቡዕ 3 ሰዓት ሄዶ ተመልካቹ ቀነሰ። «ሳውዝላንድ» የተባለው የፖሊስ ድራማ ሁለተኛ ዙሩ ለሥርጭት ሳይበቃ በኦክቶበር 2009 ተሰረዘና ወደ ቲኤንቲ ኬብል ሄደ። ተዘዋዋሪ ወጪም ነበረ። ድራማ በዕለቱ ባይሳካም በኋላ ለኬብል ጣቢያዎች፣ ለውጭ አገርና በዲቪዲ ይሸጣል፤ የትናንት የፖለቲካ ቀልድ ግን ዛሬ ገዢ የለውም። በሳምንት 13 ሚሊዮን ዶላር ተቆጠበ ሲባል ከሚቆጠበው ገንዘብ ጋር አብሮ የሚጠፋው የነገ ንብረት በሒሳቡ ውስጥ አልነበረም።

መቁረጫው ኖቬምበር ሆነ። የተመልካች ቁጥር የሚለካው ኩባንያ ኒልሰን በየከተማው ያሉ ጣቢያዎችን ተመልካች በስፋት የሚለካባቸው ወራት ፌብሩዋሪ፣ ሜይ፣ ጁላይና ኖቬምበር ናቸው፤ ጣቢያዎቹም የማስታወቂያ ዋጋቸውን የሚተምኑት በእነዚህ ወራት ውጤት ነው። ፕሮግራሙ በአምስቱም ቀን አንድ ዓይነት በመሆኑ ድክመቱም በአምስቱም ቀን ተደገመ። አንድ ድራማ ቢወድቅ የማክሰኞ ዜና ይጎዳል፤ ሌኖ ሲወድቅ ግን የሳምንቱ የሥራ ቀናት ዜና በሙሉ ተጎዳ። በኖቬምበር 2009 ልኬታ በበርካታ ትልልቅ ከተሞች የኤንቢሲ አጋሮች የ5 ሰዓት ዜና ከዓመት በፊት ከነበረው ተመልካች ከሩብ በላይ አጥቶ ተገኘ። ቀጥሎ ያለው «ዘ ቱናይት ሾው»ም ከዜናው የሚረከበው ሰው ስላነሰ የኦብራየን ተመልካች ከሌኖ ዘመን ወደ ግማሽ ገደማ ወረደ፤ ሌተርማንም ከስንት ዓመት በኋላ መሪነቱን ያዘ። ከዚህ ውስጥ ምን ያህሉ የኦብራየን የራሱ ነው የሚለው አከራካሪ ነው። ቀልዱ ለወጣትና ለትንሽ ክበብ የቀረበ መሆኑ እውነት ቢሆንም ለመልመድ የተሰጠው ጊዜ ሰባት ወር ብቻ ነው፤ ከነዚህም ውስጥ አራቱን ያህል ያሳለፈው ከሌኖ በኋላ በሚመጣው ሰዓት ላይ ነው።

ጣቢያዎቹ ፕሮግራሙን በየራሳቸው ሊያነሡ እንደሚችሉ ለኔትወርኩ ነገሩት። ጊዜው ደግሞ የማይመች ነበር፤ የኬብል ኩባንያው ኮምካስት በዲሴምበር 2009 የኤንቢሲ ዩኒቨርሳልን 51 በመቶ ከጀነራል ኤሌክትሪክ ለመግዛት ተስማምቶ ስምምነቱ የመንግሥትን ይሁንታ ይጠብቅ ነበር። በየክፍለ ሀገሩ ያሉ የጣቢያ ባለቤቶች ዋሽንግተን ላይ የሚሰማ ድምፅ አላቸው። በዚህ ወቅት አጋርን ማስቆጣት፣ በእኔ ግምት፣ ከተመልካቹ ቁጥር ማነስ በላይ አስፈሪ ነበር። በጃንዋሪ 10 ቀን 2010 የመዝናኛ ክፍሉ ኃላፊ ጄፍ ጋስፒን ለቴሌቪዥን ዘጋቢዎች ሲናገሩ ፕሮግራሙ ለኔትወርኩ ተቀባይነት ባለው ደረጃ እንደሚሠራ፣ የአጋሮቹን ፍላጎት ግን እንዳላሟላ ገለጹ። የጉዳዩ ሁሉ ቁልፍ በዚህ ንግግር ውስጥ ነው፤ ግቡ ተመትቷል፣ ግቡ ግን የተሳሳተ ነበር።

የመውጫው ዕቅድ እንደ መግቢያው ሰው ማስቀመጫ ፍለጋ ሆነ። ሌኖ በ5፡35 ለግማሽ ሰዓት ይቅረብ፣ «ዘ ቱናይት ሾው» ወደ ሌሊቱ 6፡05 ይግፋ ተባለ። ኦብራየን በጃንዋሪ 12 ባወጣው መግለጫ ከእኩለ ሌሊት በኋላ የሚጀምር ፕሮግራም የዚያ ምሽት ፕሮግራም መሆኑ ቀርቶ የማግስቱ እንደሚሆን አመልክቶ አልቀበልም አለ። ከሁለት ቀን በኋላ የኤቢሲ የሌሊት ቶክ ሾው አቅራቢ ጂሚ ኪመል በሳተላይት በሌኖ ፕሮግራም ላይ ቀርቦ አሥር ፈጣን ጥያቄዎች ሲቀርቡለት፣ በሕይወቱ የሠራው ትልቁ ማታለል ምን እንደሆነ ሲጠየቅ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ፕሮግራሜን እሰጥሃለሁ ብሎ ለአንድ ሰው ቃል ገብቶ፣ ቀኑ ሲደርስ ሰጥቶ ወዲያው እንደነጠቀው መለሰ። ሌኖ በራሱ መድረክ ላይ ሆኖ ይህን ሰማ። ኦብራየንና ሠራተኞቹ 45 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ካሳ ተሰጥቷቸው ጃንዋሪ 22 ተሰናበቱ፤ የሌኖ የ4 ሰዓት ፕሮግራም በፌብሩዋሪ 9 አበቃ። ተፎካካሪዎቹን ያሸንፍበታል የተባለውን በጋ ሳያይ ቀረ። የካሳው ገንዘብ በሳምንት ይቆጠባል ከተባለው 13 ሚሊዮን ጋር ሲነጻጸር ከሦስት ሳምንት በላይ የሚሆን ቁጠባ ነው፤ የተመለሱት ድራማዎች ወጪ ሳይታከል ማለት ነው።

ሌኖ ከቫንኩቨር ኦሊምፒክ በኋላ በማርች 1 ወደ «ዘ ቱናይት ሾው» ተመለሰ፤ ተመልካቹም ከፊሉ አብሮት ተመለሰ፤ እስከ 2014 ድረስም ቆየ። ዙከር ኮምካስት ኩባንያውን ሲረከብ ለቀቁ። ሌኖ በተመለሰ ማግስት፣ ማርች 2 ማክሰኞ 4 ሰዓት ላይ «ፔረንትሁድ» የተባለው ድራማ ተጀመረ፤ ኔትወርኩ በዚያ ሰዓት ላይ የተረጋጋ እግር ያገኘው ግን «ዘ ቮይስ»ን በፊቱ አድርጎ «ዘ ብላክሊስት»ን ባስቀመጠበት በ2013 ነው። የቦስተኑ ጣቢያ አጋርነት በ2016 መጨረሻ አብቅቶ ኤንቢሲ በከተማዋ የራሱን ጣቢያ ከፈተ። የሰዓቱ ወጪ ጥያቄ ግን አልተዘጋም፤ በ2022 ኔትወርኩ የ4 ሰዓቱን ጊዜ ጨርሶ ለአጋር ጣቢያዎች ለመልቀቅ እያጤነ መሆኑ ተዘገበ። ያ ቢሆን ኖሮ አንሲን በ2009 ሊያደርጉት ተነሥተው የተከለከሉትን ኔትወርኩ ራሱ ያደርገው ነበር። ሰዓቱን አልለቀቀም፤ ረቡዕ 4 ሰዓት ላይ «ቺካጎ ፒዲ» መታየቱን ቀጥሏል።